ከጋቢ ሥር የተገዛች ሞተር

ያን የጥቅምት ቅዳሜ ዲላ ላይ የጣለው ዝናብ እንደ ለቅሶ ቤት እንግዳ ነበር፤ ሄደ ሲሉት ኮፍያውን ረስቶ ይመለሳል። ጋሽ ባንተአምላክ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከአንድ የሞተር ሳይክል መሸጫ ደጃፍ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ቆመዋል። ከዲላ እስከ ቦረና ቆላ በሬ ሲያሻሽጡ ዕድሜያቸውን የፈጁ የከብት ደላላ ናቸው። አጠገባቸው የሟች ወንድማቸው ሚስት ማሚቱ ጃንጥላዋን ይዛ ቆማለች።

ማሚቱ ዳቦ ጋጋሪ ናት። ከሰኞ ጀምሮ ኮንጋ ላለ የቡና ማጠቢያ ሠራተኞች በየማለዳው ትኩስ ዳቦ አደርሳለሁ ብላ ቃል ሰጥታለች። የምትከራየው ባለሞተር ግን የዳቦውን ትርፍ ጠቅልሎ የሚጎርስ ሆነባት። ዛሬ የራሷን ሞተር ካልገዛች ሥራውን ባጃጅ ያላት ሌላዋ ዳቦ ጋጋሪ ሙሉካ ትወስደዋለች። "ጋሼ፣ ይዘውኝ ይግቡ" ያለቻቸው ራሷ ናት፤ እሳቸውም ይህችን ሞኝ ሴት ያለ እኔ ማን ያተርፋታል ብለው መጡ። ገና ደጃፉን ሳያልፉ በጫማ ተጣሉ።

ባንተአምላክ፦ አውልቂው አልኩሽ!

ማሚቱ፦ ጋሼ፣ ዝናብ እኮ ነው።

ባንተአምላክ፦ ዝናቡ ሞተር አይሸጥልሽም። ሻጭ የገዢን ፊት አያይም፤ ጫማውን አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራ።

ማሚቱ፦ የፕላስቲክ ጫማ እኮ ነው።

ባንተአምላክ፦ ያብለጨልጫላ!

ማሚቱ፦ የሚያብለጨልጨው ውሃው ነው።

ባንተአምላክ፦ እሱን ሻጩ በምን ያውቃል?

ማሚቱ፦ በባዶ እግሬ ገብቼ፣ ይቺማ ምንም የላትም ብሎ ቢያስወጣኝስ?

ባንተአምላክ፦ (ጺማቸውን እያሹ ጥቂት አስበው) አንዱን ብቻ አውልቂ።

ማሚቱ፦ እሺ። (አንድ ጫማዋን አውልቃ ፌስታል ውስጥ ትከታለች።)

ባንተአምላክ፦ ጎሽ። አሁን ደግሞ ስሚኝ። የወደድሻትን ሞተር እንዳታያት።

ማሚቱ፦ ሳላያት የቷን እንደወደድኩ በምን አውቃለሁ?

ባንተአምላክ፦ በዓይንሽ ጠርዝ እያት! በሙሉ ዓይንሽ ግን የማትረባዋን እይ። ሻጩ ያቺን ወደደች ብሎ እሷን ያስወድዳል፤ እኛ በጎን እናልፈዋለን።

ማሚቱ፦ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቢሆኑስ?

ባንተአምላክ፦ አንድ ዓይነት የሚባል ነገር የለም። መንታ ወይፈኖች እንኳ አንደኛው ይዋጋል። ደግሞ ይሄ ሰውዬ የሚሸጠው ያልተሸጠ፣ የተረፈ ነው። ከገበያ የተረፈ በሬ ለምን ይተርፋል?

ማሚቱ፦ ለምን?

ባንተአምላክ፦ ወይ ይራገጣል፣ ወይ ቀንበር ሲነካው ይተኛል።

ማሚቱ፦ ሞተር ይተኛል እንዴ?

ባንተአምላክ፦ (በሐዘን ሰማይ ሰማይ እያዩ) አይ ወንድሜ፣ ማንን ጥለህብኝ ሄድክ! ግቢ። አፍሽን ግን አትክፈቺ።

(ይገባሉ። ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው በሦስት ቦታ ያፈሳል። ሞተሮቹ ላስቲክ እንደለበሱ ተደርድረዋል፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሲመጡ የለበሱት ነው። በያንዳንዷ መሪ ላይ "ታላቅ ቅናሽ! 165 ሺህ" የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። ኤልሮኢ የሚባለው ሻጭ ከጠረጴዛው ይነሳል። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ሥራ ሲያጣ እዚሁ የቀረ ወጣት ነው።)

ኤልሮኢ፦ እንኳን ደህና መጡ ፋዘር። ውይ ማዘር፣ ዛሬም መጡ?

ማሚቱ፦ መጣን ልጄ።

ባንተአምላክ፦ (ጆሮዋ ሥር) አትመልሺለት! "ዛሬም" ያለሽ ሊያላምድሽ ነው። ከብት ተራም እንዲሁ ነው የሚሉት፤ ከማያውቁሽ ጋር የልጅነት ጓደኛ ያደርጉሻል።

ማሚቱ፦ እሺ ጋሼ።

ኤልሮኢ፦ ማዘር፣ አንዱ ጫማዎት የት ሄደ?

ማሚቱ፦ ዋጋ እንዳይጨምር ነው ያወለቅኩት።

ባንተአምላክ፦ (ጉሮሯቸውን በኃይል እየጠረጉ) ጭቃ ውጦባት ነው! ይልቅ ይሄ ምንድነው የምትሸጠው?

ኤልሮኢ፦ ሞተር ነዋ ፋዘር። ብራንድ ኒው ናቸው፤ አንድ ኪሎ ሜትር አልሄዱም። የኤሌክትሪክ ሞተር ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደዛ ዞረና እነዚህ ቀሩ። ባለቤቱ ሐዋሳ ነው፣ "አራግፋቸው" ብሎኛል።

ባንተአምላክ፦ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ሁለት ዓመት የቆመ! እግሩ ደርቋል በለኛ። (የአንዷን ጎማ በርግጫ ይመታሉ፤ እግራቸውን ያማቸዋል፤ እንዳላመማቸው ይሆናሉ።) ጥርሱን አሳየኝ።

ኤልሮኢ፦ የምኑን ጥርስ?

ባንተአምላክ፦ ዕድሜ በምን ይታወቃል ታዲያ?

ኤልሮኢ፦ የተሠራችበት ዓመተ ምሕረት እዚህ ተጽፏል ፋዘር።

ባንተአምላክ፦ የተጻፈ ሁሉ ከታመነማ እኔም ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ መታወቂያዬ ላይ አለ።

ማሚቱ፦ (አንዲቷን ቀይ ሞተር እየዳበሰች) ውይ፣ ይቺ ቆንጆ! ጋሼ፣ ይቺን ነው የወደድኳት!

ባንተአምላክ፦ (በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይዘው) በቃ! ገደልሽን! አሁን አንድ ሃያ ሺህ ጨመርሽበት።

ማሚቱ፦ በዓይኔ ጠርዝ ነው ያየኋት።

ባንተአምላክ፦ በእጅሽ እየዳበስሻት!

ማሚቱ፦ ጣሪያው ያፈስባታል እኮ፣ ኮርቻዋ ረጠበ። እስቲ ልጄ ያዝላት። (ጃንጥላዋን ዘርግታ ለኤልሮኢ በግራ እጁ ታስይዘዋለች።) ከፍ አድርገው። እንደሱ። እንዳታወርደው፣ ውሃው ሞተሯ ውስጥ ይገባል።

ኤልሮኢ፦ እሺ ማዘር። (በሸማችና በሞተር መካከል ጃንጥላ ይዞ እንደ ጥምቀት ዲያቆን ይቆማል።)

(ጋሽ ባንተአምላክ ይሄኔ ነገሩ ከእጃቸው ሳይወጣ ወደ እጃቸው ሊያስገቡት ቆረጡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ የልጁን ቀኝ እጅ ያዙ፤ ሁለቱንም እጅ በጋቢው ሸፈኑ።)

ኤልሮኢ፦ ፋዘር? ምን ሆኑ?

ባንተአምላክ፦ ዝም። አሁን ሥራ ላይ ነን።

ማሚቱ፦ ጋሼ፣ ምን እያደረጉት ነው?

ባንተአምላክ፦ (በኩራት) ይሄ የቆላ ከብት ገበያ ወግ ነው። ትልቅ ደላላ ዋጋ በአፉ አያወራም፤ በጋቢ ሥር በጣት ይነጋገራል። መቶው የታወቀ ነው፣ አይጨበጥም። ከዚያ በላይ አንድ ጣት አሥር ሺህ፣ ሙሉ እጅ ሃምሳ ሺህ። ዳር የቆመ አይሰማም፣ ወሬኛ አይገባም። አፍ ይዋሻል፤ እጅ ግን አይዋሽም።

ማሚቱ፦ ልጁ ጣቱን ያውቅበታል?

ባንተአምላክ፦ ነጋዴ አይደለም እንዴ? ነጋዴ ሆኖ ይሄን የማያውቅ የለም። ዝም በይ፣ ሁለት ጣት ሰጠሁት። መቶ ሃያ።

ኤልሮኢ፦ (ለማሚቱ፣ ቀስ ብሎ) ማዘር፣ ደህና ናቸው? ሐዘን አለባቸው እንዴ?

ማሚቱ፦ ወንድማቸው ሞቶባቸዋል።

ኤልሮኢ፦ ውይ! አይዞዎት ፋዘር። እግዚአብሔር ያጽናዎት። እጅዎት ደግሞ እንዴት ቀዝቅዟል! (የሽማግሌውን እጅ በሙሉ መዳፉ ጨበጥ ያደርጋል።)

ባንተአምላክ፦ (ዓይናቸው ፈጥጦ) ሙሉ እጅ! መቶ ሃምሳ ጠየቀኝ! ተመልከቺ፣ ዓይኑን እንኳ አላሸም። ይሄ የዋዛ ልጅ አይደለም።

ማሚቱ፦ ልጄ፣ ይሄ ካርቶን ላይ ያለው ዋጋ እውነት ነው?

ኤልሮኢ፦ እውነት ነው ማዘር፣ መቶ ስልሳ አምስት።

ባንተአምላክ፦ አትስሚው! የአፍ ዋጋ ለዳር ተመልካች ነው። ሦስት ጣት ሰጠሁት።

ኤልሮኢ፦ አይዞዎት ፋዘር፣ አይዞዎት። (እንደገና ጨበጥ።)

ባንተአምላክ፦ ከመቶ ሃምሳ ንቅንቅ አይልም! የማን ዘር ነህ አንተ?

ማሚቱ፦ እንግዲህ አምስቷን ተውልኝና መቶ ስልሳ በለኝ። እኔ እንደሆነ ዳቦ ሻጭ ነኝ፣ ብዙ አላወራም።

ኤልሮኢ፦ እሱማ እስከ መቶ ስልሳ እንድወርድ ተፈቅዶልኛል። ግን ገዢ ሲመጣ ደውልልኝ ተብያለሁ። አንዴ አለቃዬ ጋ ልደውል ማዘር። ፋዘር፣ አንዴ እጄን...

(ኤልሮኢ እጁን ይስባል። ስልኩ በቀኝ ኪሱ ነው። ጋሽ ባንተአምላክ አይለቁም።)

ባንተአምላክ፦ በመሃል እጅ አይለቀቅም! ነውር ነው!

ኤልሮኢ፦ ስልክ ላወጣ ነው ፋዘር።

ባንተአምላክ፦ ማሚቱ፣ ገባሽ? ሲጠብቅበት ሊያመልጠኝ ነው። እንዲህ ያለውን ስንቱን ቆላ ላይ ይዤዋለሁ!

ማሚቱ፦ እንዳይለቁት ጋሼ።

ኤልሮኢ፦ እሺ ማዘር፣ ጃንጥላውን ይቀበሉኝና በግራዬ...

ማሚቱ፦ ኧረ ኮርቻው! ቆይ እንጂ ልጄ፣ ያንጠባጥባል።

(በዚህ መሃል የኤልሮኢ ስልክ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል። ባለቤቱ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው የቀኑን ወሬ ሊጠይቅ። ኤልሮኢ በደመ ነፍስ እጁን አንዴ፣ ሁለቴ በኃይል ይነቀንቃል።)

ባንተአምላክ፦ ሁለት ሙሉ እጅ! ሁለት መቶ ሺህ! ማሚቱ፣ ጨመረብኝ! ስልኩን እያስጮኸ ሌላ ገዢ አለኝ እያለኝ ነው። ወይ ተንኮል!

ማሚቱ፦ በአፉ እኮ መቶ ስልሳ ነው ያለው።

ባንተአምላክ፦ አየሽ? በአፉ ወደ ታች፣ በእጁ ወደ ላይ! ይሄ ነው ትልቅ ሌባ ማለት። አንቺ በአፉ ተያዥለት፣ እኔ በእጁ ልታገለው። (ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል።) መቶ ሰባ ልስጠው... ሙሉ እጅና ሁለት ጣት... አልተቀበለም! ይጎትታል! መቶ ዘጠና!

ኤልሮኢ፦ ማዘር፣ ጣቴን እየቆጠሩት ነው! ያመኛል!

ማሚቱ፦ ሐዘን ነው ልጄ፣ ቻላቸው። ስለ ሞተሯስ ምን ትለኛለህ?

ኤልሮኢ፦ ሳልደውል እንዴት እሸጣለሁ?

ማሚቱ፦ እስከ መቶ ስልሳ ተፈቅዶልኛል አላልክም?

ኤልሮኢ፦ ብያለሁ።

ማሚቱ፦ ታዲያ የተፈቀደልህን ነው የጠየቅኩህ። ስጠኝ፣ እኔም ሽማግሌዬን ይዤልህ ልሂድ።

ኤልሮኢ፦ (ስልኩ እንደገና ይጮኻል፤ የተያዘ እጁን ሦስቴ በኃይል ይነቀንቃል) እሺ! እሺ ማዘር! መቶ ስልሳ ይሁን! ብቻ እጄን ያስለቅቁልኝ!

(ማሚቱ ስልኳን ከጉያዋ ታወጣለች። ግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከንፈሯን እያነቃነቀች ስልኳ ላይ ትጽፋለች። ስልኳ "ቲን" ይላል። ለኤልሮኢ ታሳየዋለች፤ እሱም አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ እጁም በድካም እንደ እርጥብ ጨርቅ ይረግባል።)

ባንተአምላክ፦ (በድል ጋቢውን ገፈው) ረገበ! የረገበ እጅ እሺ ማለት ነው! ጨረስኩልሽ ማሚቱ! ከሁለት መቶ ሃምሳ ጎትቼ አወረድኩት!

ማሚቱ፦ ስንት ላይ አደረሱት ጋሼ?

ባንተአምላክ፦ ሁለት መቶ አሥር ሺህ ብር! ሌላ ደላላ ቢሆን በዚህ ዋጋ ሞተሯን አያሸትሽም ነበር።

ኤልሮኢ፦ (ጣቶቹን እያሻሸ) ፋዘር፣ እኔ ለማዘር በመቶ ስልሳ ሸጥኩላቸው እኮ። ብሩም ገብቷል።

ባንተአምላክ፦ ምን? ይሄ ሁሉ መጨባበጥ ታዲያ ምን ነበር? ሙሉ እጅ ጨብጠህ መቶ ሃምሳ አላልከኝም?

ኤልሮኢ፦ እጅዎት ስለቀዘቀዘ ላሙቅልዎት ብዬ ነው።

ባንተአምላክ፦ ሁለት መቶውንስ?

ኤልሮኢ፦ ስልክ እየተጠራብኝ ነው።

(ጋሽ ባንተአምላክ እጃቸውን ገልብጠው ያዩታል፤ አርባ ዓመት ያገለገላቸው እጅ ዛሬ የሌላ ሰው እጅ መሰላቸው። ኤልሮኢ ስልኩን ያነሳል።)

ኤልሮኢ፦ ሃሎ አለቃ... አዎ፣ የገባው የሞተር ብር ነው... ምን? ዋጋ ጨምር? ኧረ ተሸጠ አለቃ! ... መልስላቸው? እንዴት አድርጌ?

ማሚቱ፦ ግድግዳችሁ ላይ ያለውን አንብብለት ልጄ።

ኤልሮኢ፦ (ቀና ብሎ ያያል፤ ሳቁን አፍኖ) አለቃ፣ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም" ይላል። ... አዎ፣ እርስዎ ያስጻፉት ነው።

(ደረሰኝና ማህተሙን ጨርሰው ይወጣሉ። ዝናቡ አባርቶ እንደገና ጀምሯል። ጋሽ ባንተአምላክ ሞተሯን ከኋላ ይገፋሉ፤ ማሚቱ መሪዋን ይዛለች። ጫማዋን ሁለቱንም አድርጋለች።)

ባንተአምላክ፦ ለነገሩ ያው የእኔ ሥራ ነው።

ማሚቱ፦ እንዴት ጋሼ?

ባንተአምላክ፦ እኔ በእጁ ባላደክመው በአፉ እሺ ባላለሽ ነበር።

ማሚቱ፦ እውነትዎት ነው።

ባንተአምላክ፦ (መግፋታቸውን ትተው) እውነቴ ነው?

ማሚቱ፦ ሐሙስ መጥቼ ነበር። ልጁ ደግ ነው፣ በካርቶኑ ዋጋ እሺ አለኝ። ከዚያ ለባለቤቱ ደወለ። ባለቤቱ ገዢ መምጣቱን ሲሰማ "መቶ ሰማንያ በል" አለው። አርብም መጣሁ፤ ልጁ አሁንም እሺ አለኝ፣ አሁንም ደወለ። መቶ ዘጠና ሆነ። ሳልገዛ ስወጣ ደግሞ ዋጋው ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። ሰኞ ደግሞ ዳቦው መድረስ አለበት። ሌሊቱን ሳስበው ጉዳዩ ዋጋው አይደለም፣ ስልኩ ነው።

ባንተአምላክ፦ እና?

ማሚቱ፦ እና የዚህን ልጅ ቀኝ እጅ የሚይዝልኝ፣ ይዞም የማይለቅ ሰው ዲላ ውስጥ ማን አለ ብዬ አሰብኩ።

ባንተአምላክ፦ (ዝናቡ በአፋቸው እየገባ) ጃንጥላውስ?

ማሚቱ፦ ግራ እጅም አለዋ።

ባንተአምላክ፦ ጫማውስ? አንድ ጫማ ያወለቅሽው?

ማሚቱ፦ እሱን እርስዎ ነዎት ያሉኝ። ምን ላድርግ፣ ቢያኮርፉ አይገቡልኝም ነበር።

(ሁለቱም ጥቂት ይገፋሉ። ጋሽ ባንተአምላክ ሽንፈትን ሲቀበሉ አያውቁም፤ የሚያውቁት ሌላ ነገር ነው።)

ባንተአምላክ፦ እንግዲያው የድለላዬን ክፈይኛ! ከገዢም ከሻጭም ነው የምቀበለው፤ አንቺ ዘመድ ነሽና የአንድ ወገኑን ብቻ ስጪኝ።

ማሚቱ፦ ጋሼ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከብት ተራ ላይ ገዢና ሻጭ ዋጋ ሲጨቃጨቁ፣ በሬው እንዳይሄድ ይዞ የሚቆመው ሰው ምን ይባላል?

ባንተአምላክ፦ ገመድ ያዥ ነዋ።

ማሚቱ፦ ስለ ዋጋው ይጠይቁታል?

ባንተአምላክ፦ ማን ገመድ ያዥን ዋጋ ይጠይቃል! ሥራው መያዝ ነው።

ማሚቱ፦ ሲያልቅስ ምን ይሰጡታል?

ባንተአምላክ፦ ሻይ በዳቦ። ምን ይሰጡታል ሌላ...

(ማሚቱ ሞተሯን ከአንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ታቆማለች።)

ማሚቱ፦ ይግቡ ጋሼ። ዳቦው ከእኔ ነው፣ ሻዩን ላስቀዳልዎት።

ጋሽ ባንተአምላክ ዛሬም ከብት ተራ ናቸው። ማሚቱ ደግሞ በዚህ ሰዓት ኮንጋ ናት፤ ቀይ ሞተሯን አቁማ ዳቦ እያወረደች ነው።